አህያውን ፈርቶ ዳውላውን፦ ለቀልደኛው መዝገበ ቃላት ከአዳማ የተጻፈ ምላሽ

ሰሞኑን ሰው እየተቀባበለ የሚያነበው አንድ ጽሑፍ አለ። የጻፈው አዲስ አበባ የሚኖር ሰው ነው፣ በየቀኑ የምንጠቀምባቸውን ቃላት እያነሳ ልክ እንደ መዝገበ ቃላት የቀልድ ፍቺ ይሰጣቸዋል፣ ባጃጅ፣ ዝርዝር፣ አንድ ሰው፣ ደርሻለሁ፣ ስልጠና፣ አበል፣ መብራት፣ ሂሳብ፣ ደላላ፣ ነገ ምናምን። ሃሳቡ አሪፍ ነው፣ እኔም መጀመሪያ ላይ ስቄያለሁ፣ ምን ያስዋሸኛል። ግን ወደ ታች ስወርድ አንድ ነገር ከነከነኝ። በየፍቺው የሚሳቅበት ሰው ወይ ባጃጅ ነጂ ነው ወይ ረዳት ነው ወይ አስተናጋጅ ነው፣ ካልሆነ ደሞ እኛ አዳማዎች ነን። ፈርሞ አበል የሚቀበለው ሰውዬ፣ ቢሮውን ቆልፎ የሚጠፋው ሰውዬ፣ ሜኑ ላይ ዋጋ የሚለጥፈው ሰውዬ የት ገቡ? አንድም ቦታ የሉም። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን የሚባለው እኮ ይሄ ነው። ስለዚ ወንድሜ ካልከፋህ በየቃሉ እየተከተልኩ ልመልስልህ።

ከመጀመሬ በፊት ማን እንደሆንኩ ልንገርህ፣ እኔ አዳማ ውስጥ የሆቴል አዳራሽ ነው የምሠራው፣ ፕሮጀክተር እገጥማለሁ፣ ማይክ አስተካክላለሁ፣ ጠዋት ጠዋት "ሄሎ ሄሎ፣ አንድ ሁለት" የሚለው ድምፅ የኔ ነው። ስልጠና የሚለው ቃል ላይ ስንደርስ ትንሽ ከረዘመብህ ለዛ ነው።

እሺ፣ ባጃጅ። «ሦስት ጎማ፣ አንድ መብራት፣ ዜሮ ሕግ» ብለሃል። ጎማው ልክ ነው። መብራቱም እሺ፣ አንዳንዱ ጋ እሱም የለም። ሕጉ ላይ ግን ቀስ እንበል። ባጃጅ እኮ ህንድ አገር ሲሠራ ከኋላ ሦስት ሰው እንዲይዝ ተደርጎ ነው የተሠራው፣ ሞተሯም ከሞተር ሳይክል ብዙ አትበልጥም፣ ታዲያ ማታ ሰው ከሥራ ሲወጣ ፍራንኮ ጋ ወይ ፖስታ ቤት ጋ አራተኛ ሆኖ እየተጋፋ የሚገባው ማነው? ሹፌሩ አይደለም፣ እሱማ የራሱ ወንበር አለው። እኔና አንተ ነን፣ "እዚሁ ቅርብ ነው የምወርደው፣ ጠጋ በሉልኝ እስቲ" እያልን። ከዛ ትራፊክ ፖሊስ ሲያስቆመው ሁላችንም ወደ ውጪ እናያለን፣ ቅጣቱን የሚከፍለው እሱ ነው፣ ወርደን ስንሄድ ደሞ "አይ የባጃጅ ልጆች፣ ሕግ የሚባል አያውቁም" እንላለን። ስለዚ በኔ በኩል እንዲህ ይስተካከልልኝ፦ «ባጃጅ፦ አምስት ሰው ተስማምቶ ሕግ ጥሶ አንድ ሰው የሚቀጣበት ተሽከርካሪ።»

ሰው ላይ አይቀለድ እያልኩህ አይደለም ደሞ። በአለቃ ገብረ ሐና ስም ከሚነገሩት ውስጥ ያቺን ታውቃታለህ፣ አለቃ አህያ የምትነዳ ሴት መንገድ ላይ አግኝተው «እንዴት አደርሽ የአህዮች እናት» ሲሏት «እንዴት አደርክ ልጄ» ብላ የመለሰችላቸውን። ቀልዷን ይሄን ሁሉ ዘመን ያቆያት የአለቃ ሰላምታ አይደለም እኮ፣ የሴትየዋ መልስ ነው። አንተ ጋ ያለው ባጃጅ ነጂ ግን መልስ የለውም፣ ቆሞ ይሰደባል፣ አንተ ትቀጥላለህ።

ወደ ዝርዝር እንሂድ። «ረዳት ኪስ ውስጥ ሞልቶ ረዳት አፍ ላይ የሚጠፋ ነገር።» አጻጻፏ ታምራለች፣ እመሰክራለሁ፣ ግን ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ታክሲ ውስጥ ሆነህ እየው፣ የመጀመሪያው ተሳፋሪ ባለ 200 ብር ያወጣል፣ ሁለተኛውም ባለ 200፣ ሦስተኛዋ "ውይ የኔም ሁለት መቶ ነው" ብላ ትስቃለች። እስከ 2013 መስከረም ድረስ ትልቁ ኖት መቶ ብር ነበር፣ ባለ 200 የመጣው ያኔ ነው፣ ከዛ ወዲህ ደሞ ኤቲኤሙ የሚተፋልን እሱን ነው። ረዳቱ ከየት ያምጣ፣ ያትመው? የኔ ፍቺ፦ «ዝርዝር፦ ሁልጊዜ ሌላው ሰው ጋ አለ ተብሎ የሚታመን ነገር።» ደሞ የገረመኝ ዝርዝርን ጽፈህ ትልቁን ቃል መዝለልህ ነው፣ "ለሁለታችሁ ነው" የሚለውን። ረዳቱ አንዷን ኖት ከፊት ለተቀመጠው ሰውዬ ሰጥቶ ወደ ኋላ እያየ "ለሁለታችሁ ነው" ይልሃል፣ በቃ ከዛች ደቂቃ ጀምሮ ከማታውቀው ሰው ጋር ተዛምደሃል፣ ሱቅ ለሱቅ አብራችሁ ትዞራላችሁ፣ ማስቲካ ትገዛላችሁ፣ አንዳንዴ ስልክ የተለዋወጡም አሉ ይባላል።

«አንድ ሰው፦ የረዳት ውሸት።» ይሄን በሁለት ቃል ዘግተህ አልፈሃል፣ እኔ ግን እዚህ ጋ ልቆም ነው። መናኸሪያ ሄደህ የአዲስ አበባ ሚኒባስ ስትጠብቅ ባዶ መኪና ውስጥ ትገባለህ? አትገባም። ማንም አይገባም። ጥላ ስር ቆመን ስልክ የምንነካካ መስለን በጎን እናያለን፣ አስር ሰው ሲገባ እንጠጋለን፣ አንድ ወንበር ሲቀር እንሮጣለን። እንዲህ ያለ ሕዝብ ይዞ ረዳቱ "አሥራ አንድ ሰው ይቀረኛል፣ ኑ ሙቀቱ ውስጥ ተቀመጡ" ብሎ እውነቱን ቢናገር መኪናው እስከ ማታ እዛው ነው። ስለዚ፦ «አንድ ሰው፦ ሁሉም የመጨረሻው ተሳፋሪ መሆን በሚፈልግበት አገር የመጀመሪያውን ተሳፋሪ ማስገቢያ ዘዴ።» እርግጥ ውስጥ ተሳፋሪ መስለው የሚቀመጡ የመናኸሪያ ልጆች አሉ፣ እሱን አልክድም። አንዴ አንዱ አጠገቤ ተቀምጦ ስለ አዲስ አበባ የቤት ኪራይ መወደድ ልቤ እስኪነካ ሲያወራኝ ቆይቶ መኪናው ሲሞላ "በል መልካም መንገድ" ብሎኝ ወረደ።

ደርሻለሁ የሚለውን «ገና ፎጣ ይዞ ሻወር የሚገባ ሰው የሚናገረው» ያልከው ከሞባይል ጋር አብሮ አገር የገባ ቀልድ ነው፣ ቢያንስ ለኛ ሰፈር ብታሻሽለው ምን ነበረበት። ድሮ በዱከም በቢሾፍቱ በሞጆ በኩል ሲመጣ ሰው የፈለገውን ሰበብ መደርደር ይችል ነበር፣ መንገዱን የጅቡቲ ጭነት መኪና ሞልቶታል፣ "ሞጆ ላይ ተሳቢ ተገልብጦ መንገድ ተዘጋ" ካለ አለቀ፣ ማን ሄዶ ያጣራል። የፍጥነት መንገዱ በ2007 መግቢያ ላይ ተመረቀና ከቱሉ ዲምቱ እስከ አዳማ ያለውን 80 ምናምን ኪሎ ሜትር ለሰበብ የማይመች አደረገው፣ አህያ የለ፣ ገበያ የለ፣ ሰው አያቋርጥ። ሰበቡ ታዲያ አልሞተም፣ ቦታ ነው የቀየረ፣ አሁን ሁሉም ሰበብ ቃሊቲ ላይ ተከማችቷል። «ደርሻለሁ፦ ቃሊቲን ያለፈ ሰው የሚሰጠው ማዕረግ።»

ሙቀት ላይ ብዙ አልልም። «አዳማ፦ ጃኬት የሚወልቅበት ቦታ» ብለሃል፣ ይሁን። ከናንተ ከ600 ሜትር በላይ ዝቅ ብለን ስለምንኖር አራት ዲግሪ ገደማ እንበልጣችኋለን፣ ይሄን ያህል አገር የሚያስለቅቅ ነገር አይደለም። ይልቅ አቧራውን ብትጽፍ እኔም አጨብጭቤልህ ነበር። «ሁለት ስም ያላት ከተማ» ያልካትን ደሞ ለረዳቶች ትቼዋለሁ፣ እነሱ እስካሁን ሁለቱንም እየጠሩ በሰላም ይጭናሉ።

አሁን ወደ ሥራ ቦታዬ ገባህ። «ስልጠና፦ የአዳማ ሆቴሎች የገቢ ምንጭ። አበል፦ አዳማ ላይ ተወልዶ አዳማ ላይ የሚበላ።» ኧረ ወንድሜ! አበሉን የምንበላው እኛ ነን እንዴ? ነገሩ እንዴት እንደሚሠራ ጠፍቶህ አይመስለኝም ግን ልንገርህ። አበል የሚታሰበው ሠራተኛው ከመደበኛ የሥራ ቦታው ወጥቶ ሌላ ከተማ ሲውል ሲያድር ነው። መሥሪያ ቤቱ የራሱ አዳራሽ አለው፣ ወንበሩ አለ፣ ፕሮጀክተሩ አለ፣ ግን እዛ ስብሰባ ቢጠራ ለተሰብሳቢው የሚደርሰው ውኃ ብቻ ነው። ስለዚ ከተማ ይፈለጋል፣ ጠዋት ተነስተህ በመኪና ቶሎ የምትደርስበት፣ ግን ወረቀት ላይ ውጪ አደርኩ የሚያስብል። አዳማ ለመኪና ቅርብ ለአበል ሩቅ ናት፣ ጥፋቷ ይሄ ብቻ ነው። እዚሁ የሚኖር ሰው ያው ስልጠና ላይ ቢጠራ ማታ እቤቱ ስለሚያድር ለሱ የምትተርፈው ሻይና ብስኩት ናት። ታዲያ ማን ነው አበል በላ?

ይሄን ቃል አንተ በአንድ መስመር ጨረስከው፣ እኔ ግን ከማይክ ማዞሪያው ቦታ ሆኜ ስንት ዓመት የማየው ስለሆነ ልጨምርልህ። «የመክፈቻ ንግግር፦ የክብር እንግዳው ስለ ስልጠናው ጥቅም አንብቦ ሲጨርስ ለአስቸኳይ ሥራ የሚሄድበት።» «የስም መቆጣጠሪያ፦ ጠዋት ላይ የከሰዓቱም አብሮ የሚፈረምበት ወረቀት» ይሄን ሲያዩ አዘጋጆቹ ነቅተው ወረቀቱን ከሰዓት ማውጣት ጀምረው ነበር፣ ያን ጊዜ ደሞ ጠዋት ሰው ጠፋ። «የሻይ ሰዓት፦ 4 ሰዓት ተኩል ላይ ሰው ከስብሰባ ወጥቶ ስብሰባ የሚጀምርበት» ምክንያቱም ውስጥ ዝም ብሎ የነበረው ሁሉ ሳምቡሳ ሲይዝ ሃሳብ ይመጣለታል፣ ማን ይመደብ ማን ይነሳ የሚባለው እዛ ነው፣ ትሪ ይዛ በመሃል የምታልፈው ልጅ ከጋዜጠኛ በላይ ታውቃለች። «አጭር አስተያየት ነው ያለኝ፦ ማይኩን ለሃያ ደቂቃ እንደማላገኘው የሚያሳውቀኝ ማስጠንቀቂያ።» «ከኔ በፊት የተናገሩት እንዳሉ ሆነው፦ የነሱን በሙሉ ደግሜ ልናገር ነው።» «የቡድን ውይይት፦ አንዷ ፍሊፕ ቻርት ላይ ስትጽፍ ሌላው ስልኩን የሚያይበት፣ በመጨረሻ ግን ሊያቀርብ የሚነሳው ስልኩን ሲያይ የነበረው ነው።»

ኢነርጃይዘርን ለብቻው ካላነሳሁ ያመኛል። ከምሳ በኋላ 8 ሰዓት ላይ ጥብሱ ሥራውን ጀምሮ አዳራሹ ሲያንኮራፋ አሰልጣኙ ሁሉንም ያስነሳና ክብ ያሠራቸዋል፣ ከዛ ሽበት ያለው፣ ቢሮው ጸሐፊው ሳታስፈቅድ የማይገባበት የመምሪያ ኃላፊ እጁን ክንፍ አድርጎ እንደ ዶሮ እንዲዘል ይጠየቃል። ይዘላል! እኔ ጥግ ላይ ቆሜ ገመድ የማጠቃልል መስዬ ነው የማየው፣ መሳቅ አልችልም፣ እሱ ደንበኛ ነው። አንተ ይሄን ሁሉ የሚያስቅ ነገር ትተህ ነው «አስተናጋጅ፦ ስትጠራት የማትሰማ፣ ቲፕ ስታወጣ የምትሰማ» ብለህ የጻፍከው? ያቺ ልጅ በግማሽ ሰዓት ውስጥ አንድ አዳራሽ ሙሉ ሰው ሻይ አጠጥታ፣ ስኳር የለውም ያለውን ስኳር በዛ ያለውን ሰምታ፣ ኩባያውን ሰብስባ፣ ወዲያው ለምሳ ጠረጴዛ የምታነጥፍ ናት። አልሰማችህም፣ አዎ፣ ሌላ አስራ አምስት ሰው እየጠራት ነበር።

መብራት ላይ «አዳማ ላይ በነፋስ የሚመጣ በነፋስ የሚሄድ» ብለህ ተራራው ላይ ያሉትን የነፋስ ማማዎች «ጌጥ» ብለሃቸዋል። ጌጥ አይደሉም። አዳማ አንድ የሚባለው በ2004 ያለቀው 34 ተርባይን ነው፣ አዳማ ሁለት በ2007 የተጨመረው 102፣ እያንዳንዳቸው 1.5 ሜጋ ዋት፣ ሲደመር 204 ሜጋ ዋት፣ ያውም ነፋሱ ደህና ሲነፍስ። ግን እኛን የሚያናድደን ነገር ገብቶሃል፣ እሱን አልነፍግህም፣ ማታ መብራት ጠፍቶ በረንዳ ላይ ወጥተህ ያ ሁሉ ማማ ቀይ መብራቱን ብልጭ እያደረገ ሲሽከረከር ስታይ "ለማን ነው የምትዞሩት?" ትላለህ። መልሱ ቀላል ነው፣ እዛ የሚመነጨው ከተራራው ወርዶ እኔ ቤት አይገባም፣ ወደ አገሪቱ ዋና መረብ ነው የሚገባው፣ ከግድቦቹ ከሚመጣው ጋር ተቀላቅሎ ይሄዳል። ሰፈራችን የሚጨልመው ብዙ ጊዜ እዚሁ ታች ባለው ነገር ነው፣ ለስንት ቤት ታስቦ የተተከለ ትራንስፎርመር ላይ ስንት ፎቅ ተቀጥሎበት፣ የእንጨት ምሰሶው አዘንብሎ፣ ሽቦው ላልቶ። ከሁሉ የሚያስቀው ያ ነፋስ ላይ ተርባይኑን ያዞርና ታች ወርዶ ሽቦዎቹን እርስ በርስ አማትቶ ያጠፋናል፣ በአንድ ጉዞ ሁለቱንም ሥራ ይሠራል። ስለዚ ግማሹን ፍቺህን ተቀብያለሁ፣ በነፋስ ይሄዳል፣ እውነት ነው። የቀረውን ግን እንዲህ ብለህ አስተካክለው፦ «ትራንስፎርመር፦ ሰፈሩ ስሙን የሚያነሳው ሲፈነዳ ብቻ የሆነ ጎረቤት። ጭነት መጨመሩን ፈርሞ የፈቀደውን ሰው ስም ግን ሲፈነዳም ማንም አያነሳውም።»

ሂሳብ ላይም ያው ዱላ ያቺው አስተናጋጅ ላይ ነው ያረፈው፣ «እሷ የምትደምረው፣ አንተ የማይገባህ»። አንብበው እንጂ ሜኑውን! ከታች በኩል በጉንዳን ፊደል 15 በመቶ ቫት እና 10 በመቶ ሰርቪስ አይጨምርም የሚል አለ። እሷ አይደለችም የጻፈችው፣ ፊደሉንም ያሳነሰችው እሷ አይደለችም። ባለቤቱ ግን መጥቶ "ሁሉ ሰላም?" ብሎ ጨብጦህ ሲሄድ ፈገግ ብለህለታል፣ እርግጠኛ ነኝ። ይሄ ቃል ላይ መጻፍ የነበረበት የኛው የከፋዮቹ ጉድ ነው፣ «እኔ ነኝ የምከፍለው፦ እጅ ኪስ ገብቶ ሌላው ሰው ከፍሎ እስኪጨርስ የሚቆይበት ጊዜ» እና አዲሱ ዘመናዊው «ኔትወርክ እምቢ አለኝ፦ ድሮ ቦርሳዬን ረሳሁ ይባል የነበረው።»

ደላላ ላይ አልነካህም። «ያላየኸውን ቤት ላልወለድከው ልጅ የሚያከራይህ» ያልካት ጥሩ ናት፣ ተከራይ ስለሆንኩ ሁለቴ ነው የሳቅኩባት። ግን አየህ፣ እሷ የሠራችው ለምን እንደሆነ? ደላላ ይመልስልሃላ፣ ደላላ አፍ አጥቶ አያውቅም።

የመጨረሻው ነገ ነው። «ሰነፍ ሥራውን ሁሉ የሚሠራበት ቀን።» ማነው ሰነፉ? ነገ የምትለዋ ቃል በዚህ አገር በብዛት የምትነገረው መስኮት ጋ ነው፣ የምትነገረውም ከውስጥ ወደ ውጪ ነው፣ ውጪ የቆመው ሰውማ ከንጋቱ 12 ሰዓት ጀምሮ ተሰልፎ ፎቶ ኮፒውን ይዞ ነው ያለው። "ሲስተም የለም፣ ነገ ና።" "ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው፣ ነገ ና።" ሰነፍ ያልከው እሱን ነው? አዲስ አበባ መስኮቱ ጋ ቆማችሁ የምትጠብቁት ኃላፊ የት እንዳሉ ደሞ ከኔ በላይ የሚያውቅ የለም፣ እኔ ጋ ናቸው፣ ሦስተኛው ረድፍ ላይ፣ ሁለት ጊዜ ማይክ ሰጥቻቸዋለሁ፣ አጭር አስተያየት ነው ያላቸው። የናንተስ ኃላፊ የት ነው ያለው እንዳትለኝ፣ የአዳማው ቢሾፍቱ ነው። እዚህ ቢሰለጥን አበል የለውማ።